ከፍራሽ አቧራ የሚወጣው ቁጥር፦ የማይት አለርጅንን የሚለካው ኤላይዛ እንዴት ይሠራል፣ የት ይስታል

«የፍራሽ አቧራ፤ ደር ፒ 1፦ 9 ማይክሮግራም በግራም።» እንዲህ የሚል የላቦራቶሪ ውጤት የደረሰው ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ብዙ ነው ወይስ ትንሽ?» ብሎ ነው። ደር ፒ 1 የአቧራ ማይት የተባለው ጥቃቅን ፍጡር የሚተወው አለርጅን፣ ማለትም አለርጂ የሚያስነሣ ፕሮቲን ነው፤ የሚለካውም ኤላይዛ በተባለው፣ በአንቲቦዲ (አንድን ነገር ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን) በሚሠራ ምርመራ ነው። የአስም ሕመምተኛ ልጅ ያላቸው ወላጆችም፣ ሐኪሙም፣ የፍራሽ ልባስ ነጋዴውም ጥያቄያቸው ይኸው ነው። ቁጥሩ ግን ብቻውን አይነበብም። አቧራው ከምን ያህል ስፋት ላይ፣ በስንት ደቂቃ ተሰበሰበ? የመመርመሪያው ኪት በየትኛው ስታንዳርድ (መጠኑ አስቀድሞ በታወቀ ማነጻጸሪያ) ይለካል? ናሙናው ስንት እጥፍ ቀጥኖ ተነበበ? የእነዚህ መልስ ካልታወቀ፣ የዚያው ፍራሽ አቧራ በሌላ ላቦራቶሪ 5 ወይም 18 ሆኖ ቢመጣ የሚያስገርም አይሆንም።

ነገሩ የባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ መሆኑ ቀርቷል። የቤት አቧራ መመርመሪያ ኪት በኢንተርኔት ይሸጣል፤ «ፀረ ማይት» የሚባል ርጭት፣ ልባስና የአየር ማጣሪያ «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ» እየተባለ ይተዋወቃል። ቁጥሩ በምን መንገድ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ በሌላ ዓይን ያየዋል።

ማይቱ ሳይሆን ኩሱ

የአቧራ ማይት የመዥገርና የሸረሪት ዘመድ ነው፤ ስምንት እግር አለው፣ ርዝመቱ የሚሊሜትር ሲሶ ያህል ነው። ዓይን የለውም፣ ውኃም አይጠጣም፤ የሚያስፈልገውን እርጥበት ከአየር ይስባል። ምግቡ ከሰው ገላ የሚረግፈው የቆዳ ቅርፍት ነው። አይነክስም፣ ደምም አይመጥም። የዶክተር ፎርሆርስት ቡድን በሆላንድ ሌይደን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ የቤት አቧራ አለርጂ ዋና ምንጭ ይህ ፍጡር መሆኑን አሳየ። ቶቪ፣ ቻፕማንና ፕላትስ-ሚልስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1981 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ሥራ ጣታቸውን ይበልጥ አቅርበው ጠቆሙ፦ አለርጅኑን በብዛት የሚሸከመው የማይቱ ኩስ ነው። አንድ ማይት በቀን ወደ 20 የሚጠጉ የኩስ እንክብሎች ይጥላል። እንክብሉ ከ10 እስከ 40 ማይክሮሜትር የሚሆን፣ በስስ ሽፋን የተጠቀለለ ሲሆን 0.1 ናኖግራም አካባቢ ደር ፒ 1 ይይዛል። እንግዲህ 9 ማይክሮግራም በግራም ማለት፣ በአንድ ግራም አቧራ ውስጥ የ90 ሺህ እንክብል ያህል አለርጅን አለ ማለት ነው።

ደር ፒ 1 የሚለው ስም ከማይቱ የላቲን ስያሜ የተቆረጠ ነው። «ደር» ደርማቶፋጎይደስ ከሚለው የወገኑ ስም፣ «ፒ» ደግሞ ተሮኒሲነስ ከሚለው የዝርያው ስም የመጀመሪያ ፊደል የመጣ ነው (ፊደሏ ስትነበብ ድምፅ የላትም፣ በጽሕፈት ግን አለች)። ፋሪኔ የተባለው ሌላው ዝርያ የሚሰጠው «ደር ኤፍ 1» ይባላል። ቁጥሯ ፕሮቲኑ የተለየበትን ቅደም ተከተል ታሳያለች። የ1ኛው ምድብ ፕሮቲን የሞለኪውሉ ክብደት 25 ኪሎዳልተን የሚሆን የምግብ መፍጫ ኢንዛይም ነው፤ ሌሎች ፕሮቲኖችን ይቆርጣል። የ2ኛው ምድብ፣ ማለትም ደር ፒ 2 እና ደር ኤፍ 2፣ 14 ኪሎዳልተን ገደማ ሲሆን ሙቀትን ከ1ኛው በተሻለ ይቋቋማል። ይህ ልዩነት በኋላ ዋጋ አለው፤ ማይቱን ለመግደል በሙቀት የታከመን ፍራሽ በደር ፒ 1 ብቻ የለካ ሰው ከእውነታው የተሻለ ውጤት ሊያይ ይችላል።

እዚህ ላይ ዘወትር የሚምታታ ነገር አለ። «የማይት ምርመራ» ሲባል ሁለት የተለያዩ የአንቲቦዲ ምርመራዎች አሉ። አንዱ ከሕመምተኛው ደም ውስጥ ማይትን ለይቶ የሚያውቀውን አይጂኢ የተባለ የአለርጂ አንቲቦዲ የሚፈልግ ነው፤ ውጤቱ በኪሎዩኒት በሊትር ይነገራል፣ 0.35 የተለመደው መነሻ ነው። ሁለተኛው ይህ ጽሑፍ የሚያወራለት፣ አቧራው ውስጥ ያለውን አለርጅን የሚለካው ነው። በመጀመሪያው አለርጅኑ መረብ፣ አንቲቦዲው ዓሣ ነው፤ በሁለተኛው ቦታ ይለዋወጣሉ። የመጀመሪያው ሰውየውን ይለካል፣ ሁለተኛው ቤቱን። ቤቱ ሞልቶ ሰውየው አለርጂ የሌለበት ሊሆን ይችላል። ጠቅላላ አይጂኢ ብቻውን መለካት ደግሞ የአንጀት ትላትል በሚበዛበት አገር ብዙም አይነግርም፤ ትላትሉ ራሱ ያን ቁጥር ከፍ ያደርገዋልና።

አቧራ አሰባሰብ

ላቦራቶሪው የቱንም ያህል ጥንቁቅ ቢሆን፣ አልጋው አጠገብ የተበላሸን ናሙና ፕሌቱ (ምርመራው የሚሠራበት ባለ ጉድጓድ ሳህን) ላይ አያቃናውም። የተለመደው አሠራር ቀላል ነው፦ አንሶላው ተነሥቶ የፍራሹ 1 ካሬ ሜትር በሰዓት ተይዞ ለ2 ደቂቃ በቫኪዩም ይሳባል። አቧራው የሚያዘው በማሽኑ ከረጢት ሳይሆን በቱቦው አፍ ላይ በሚገባ ትንሽ ማጣሪያ ወይም የናይለን ከረጢት ነው፤ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የማሽኑን ከረጢት ይዞ የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ቤት አቧራ ለሁለተኛው ቤት ይመዘግባል። በናሙናዎች መካከል አፉ በአልኮል ይጠረጋል፣ ቱቦው ለጥቂት ሰከንድ ባዶውን ይሠራል።

ናሙናው በታሸገ ከረጢት ከ-20 ዲግሪ በታች ቢያንስ አንድ ቀን ያድራል። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፦ በሕይወት ያሉት ማይቶች ይሞታሉ፣ እርጥብ አቧራ ላይ የሚያድግ ሻጋታም ይገታል። ከዚያ 300 ማይክሮሜትር አካባቢ ቀዳዳ ባለው ወንፊት ይነፋል፤ ፀጉር፣ ክርና ጠጠር ይቀራል። ከታች የወረደው ደቃቅ አቧራ ይመዘናል። ይህ የመጀመሪያ ክብደት መጻፍ አለበት። ብዙ ላቦራቶሪ 100 ሚሊግራሙን መዝኖ ይወስድና ጠቅላላው ስንት እንደነበረ ሳይመዘግብ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ከውጤቱ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ምክንያቱ ወደ ታች ይመጣል።

100 ሚሊግራም ደቃቅ አቧራ በ2 ሚሊሊትር ፎስፌት በፈር (የአሲድነት ደረጃውን፣ ማለትም ፒኤቹን፣ ጠብቆ በሚያቆይ ፈሳሽ) ይዘፈዘፋል፤ በፈሩ ትዊን 20 የተባለ የሳሙና ዓይነት 0.05 በመቶ አለበት። ለ2 ሰዓት በክፍል ሙቀት በሚያወዛውዝ ማሽን ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ በሴንትሪፊዩጅ በ2500 ዙር በደቂቃ ለ20 ደቂቃ ይሽከረከራል። ከላይ የቀረው ጠራ ያለ ፈሳሽ ተወስዶ በትንንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ -20 ላይ ይቀመጣል። ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ያበላሸዋል፤ ስለዚህ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ማቀዝቀዣው ውስጥ የበረዶ ጥቅል ማኖር የቅንጦት ነገር አይደለም። አቧራው 40 ሚሊግራም ብቻ ከሆነ ፈሳሹን ወደ 0.8 ሚሊሊትር ዝቅ አድርጎ ምጣኔውን 1 ለ20 መጠበቅ ይቻላል።

ፍራሹ ቀደም ሲል በታኒክ አሲድ የተረጨ ከሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። ታኒክ አሲድ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ቅርጹን ስለሚያበላሽ አለርጅንን «ለመግደል» ይሸጣል። በአቧራው ውስጥ የተረፈው ግን እስከ ቱቦው ድረስ ይዘልቅና ምርመራውን ራሱን ያፍነዋል። ቁጥሩ በአስደናቂ ሁኔታ ይወርዳል፤ ከወረደው ውስጥ ግን ከፊሉ የውሸት ነው። መዘፍዘፊያው ላይ አልቡሚን የተባለው የከብት ደም ፕሮቲን ሲጨመር ታኒክ አሲዱ በእሱ ላይ ይጠመዳል፣ እውነተኛውም ቁጥር ተመልሶ ይታያል። ስለዚህ «ርጭታችን አለርጅንን በ90 በመቶ ቀነሰ» የሚል ሰው መዘፍዘፊያው ውስጥ አልቡሚን እንደነበረ ሊጠየቅ ይገባል።

ሳህኑ ላይ

ኤላይዛው የሳንድዊች ዓይነት ነው፦ አንድ አንቲቦዲ ከታች ይይዛል፣ ሁለተኛው ከላይ ይመጣል፣ አለርጅኑ መካከል ላይ ይጣበቃል። ሁለቱ አንቲቦዲዎች አለርጅኑን የሚይዙት በተለያየ ቦታ ስለሆነ የተሰባበረ ወይም ቅርጹን ያጣ ፕሮቲን በቀላሉ አይቆጠርም። ለደር ፒ 1 በብዛት የተሠራበት ጥንድ ከታች 5ኤች8 የተባለው አንቲቦዲ፣ ከላይ ደግሞ ባዮቲን የተባለው ቫይታሚን የተያያዘበት 4ሲ1 ነው። 4ሲ1 የሁለቱንም ዝርያ 1ኛ ምድብ ያውቃል፤ ስለዚህ ለደር ኤፍ 1 ከታች ያለው ብቻ በ6ኤ8 ይተካል። ይህ አሠራር የታተመው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን እስከ ዛሬ መሠረቱ አልተለወጠም።

ባለ 96 ጉድጓዱ ፕሌት በ5ኤች8 ይቀባል፤ በየጉድጓዱ 1 ማይክሮግራም፣ በ100 ማይክሮሊትር የ50 ሚሊሞላር ካርቦኔት በፈር፣ ፒኤች 9.6፣ በ4 ዲግሪ ሌሊቱን ያድራል። በማግስቱ ሦስት ጊዜ በፎስፌት ትዊን ይታጠባል፤ ባዶ የቀረው የፕላስቲክ ገጽ በ1 በመቶ አልቡሚን ለ30 ደቂቃ ይሸፈናል። ቀጥሎ ስታንዳርዱ ከ250 ናኖግራም በሚሊሊትር ጀምሮ በእጥፍ እየቀጠነ በአሥር ደረጃ እስከ 0.5 ይወርዳል፤ ናሙናዎቹም ቢያንስ በ1 ለ10፣ 1 ለ20፣ 1 ለ40 እና 1 ለ80 ቀጥነው ይገባሉ። አንድ ሰዓት ይጠበቃል፣ ይታጠባል። ባዮቲን ያለው 4ሲ1 ለአንድ ሰዓት፣ ይታጠባል። ስትሬፕታቪዲን ፐሮክሲዴዝ (ባዮቲንን የሚይዝ ፕሮቲን ቀለም ከሚያወጣ ኢንዛይም ጋር የተያያዘበት) ለ30 ደቂቃ፣ ይታጠባል። በመጨረሻ ኤቢቲኤስ የተባለው ቀለም ከትንሽ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጋር ይጨመራል፤ 10 ሚሊሊትር ላይ 10 ማይክሮሊትር ይበቃል። አረንጓዴ ቀለም ይወጣና የከፍተኛው ስታንዳርድ የቀለም ንባብ 2.0 እስከ 2.4 ሲደርስ በ405 ናኖሜትር ይነበባል።

ቀለም ጭራሽ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሶዲየም አዛይድ ነው። በፈር እንዳይበላሽ የሚጨመረው ይህ ማቆያ ፐሮክሲዴዝን ያፍናል። ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው መደርደሪያ ላይ አንድ ዓይነት ስም የተጻፈባቸው ሁለት ጠርሙሶች ሲኖሩ፣ አንዱ አዛይድ ያለበት ሌላው የሌለበት ሲሆን ነው። ሌላው ጥፋት ወተት ነው። ርካሽ ነው ተብሎ ፕሌቱ በዱቄት ወተት ሲሸፈን፣ በወተቱ ውስጥ ያለው ባዮቲን ስትሬፕታቪዲኑን ይሻማል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ቁጥሩም ከቀን ቀን ይዋዥቃል። አልቡሚን ውድ ቢሆንም እዚህ ላይ ቁጠባው አያዋጣም።

በተቃራኒው ፕሌቱ ሁሉ አረንጓዴ ከሆነ፣ ባዶው ጉድጓድ ሳይቀር፣ አጠባው ጎድሏል ማለት ነው። በእጅ በሚታጠብበት ላቦራቶሪ ጉድጓዶቹ እስከ አፋቸው መሞላታቸውና ከእያንዳንዱ አጠባ በኋላ ፕሌቱ ተገልብጦ ወፍራም ወረቀት ላይ መመታቱ ውጤቱን ከማሽኑ ይልቅ ይወስናል። የጠርዝ ጉድጓዶች ከመካከሎቹ በተለየ ከፍ ወይም ዝቅ ካሉ ነገሩ ሙቀትና ትነት ነው፤ ፕሌቱ ተሸፍኖ ይቀመጥ፣ ከመስኮት ፀሐይም ይራቅ። ሁለት መንትያ ጉድጓዶች ከ15 በመቶ በላይ ከተለያዩ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፒፔቱ፣ ማለትም የፈሳሽ መመጠኛው፣ ነው፤ በየጊዜው በሚዛን ላይ በውኃ መፈተሽ አለበት።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ስህተት መሆኑ የማይታየው ስህተት ነው። አንድ ናሙና በየደረጃው እንዲህ ተነበበ እንበል፦ 1 ለ10 ላይ 171፣ 1 ለ20 ላይ 118፣ 1 ለ40 ላይ 61፣ 1 ለ80 ላይ 30 ናኖግራም በሚሊሊትር። እያንዳንዱ በቀጠነበት ሲባዛ 1710፣ 2360፣ 2440 እና 2400 ይሆናል። ሦስቱ ይስማማሉ፤ የመጀመሪያው ይጎድላል። ምክንያቱም 1 ለ10 ላይ ያለው ንባብ የስታንዳርዱ መስመር ወደ ጎን በተኛበት ጫፍ ላይ ወድቋል፤ እዚያ ላይ ቀለሙ ጥቂት ሲጨምር አለርጅኑ ብዙ ጨምሯል። ስለዚህ መጀመሪያው ይጣልና 2400 ይወሰዳል። በ2 ሚሊሊትር ሲባዛ 4800 ናኖግራም፣ ለ0.1 ግራም ሲካፈል 48,000፤ ማለትም 48 ማይክሮግራም በግራም። በ1 ለ10 ብቻ የለካ ላቦራቶሪ ግን 34 ብሎ ይጽፋል፣ ማንም አያውቅበትም። የቀጠኑት ናሙናዎች መልስ ካልተስማማ ደግሞ፣ ለምሳሌ በቀጠነ ቁጥር የተባዛው መጠን እየጨመረ ከሄደ፣ አቧራው ውስጥ ምርመራውን የሚያፍን ነገር አለ ማለት ነው። የታኒክ አሲዱ ጉዳይ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

በየፕሌቱ ላይ አንድ የቆየ የአቧራ ፈሳሽ አብሮ መግባት አለበት፤ በአንድ ጊዜ በብዛት ተዘጋጅቶ፣ በትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ የተቀመጠ። የሱ ቁጥር ሲዘል ፕሌቱ ሁሉ ይጣላል። ያለዚህ መቆጣጠሪያ የጥር ውጤትን ከሐምሌ ጋር ማወዳደር አይቻልም።

ስታንዳርዱ የማን ነው?

ኤላይዛ ራሱ መጠን አያውቅም፤ የሚያውቀው ከስታንዳርዱ ጋር ማነጻጸር ብቻ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያጸደቀው የተሮኒሲነስ ማመሳከሪያ 82/518 በየብልቃጡ 12.5 ማይክሮግራም ደር ፒ 1 እንዳለው ተቆጥሮ ለዓመታት አገልግሏል። ከሱ የተቀዱ ሁለተኛ ደረጃ ስታንዳርዶች፣ ከነሱም የተቀዱ የኪት ስታንዳርዶች መጡ። በኋላ ሰዎች የነጠረ ወይም በላቦራቶሪ የተሠራ ፕሮቲን በቀጥታ በክብደት ለክተው ሲያነጻጽሩ ቁጥሮቹ እንዳልተገጣጠሙ አዩ። በአውሮፓ ኅብረት የተደገፈው ክሪኤት የተባለው ፕሮጀክት ደር ፒ 1ንና ደር ፒ 2ን ጨምሮ ለዋና ዋና አለርጅኖች በክብደት የሚታወቅ ስታንዳርድ ለማዘጋጀት የተነሣው ለዚህ ነው።

ችግሩ የደረጃ ገደቦቹ በድሮው ሚዛን መውጣታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 በጀርመን ባድ ክሮይትስናኽ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሁለት ቁጥር አቀረቡ፦ 2 ማይክሮግራም ደር ፒ 1 በግራም ለአለርጂ የመጋለጥ መነሻ፣ 10 ማይክሮግራም ደግሞ አለርጂ ላለበት ሰው አስም ሊያስነሣ የሚችል። እንግሊዝ አገር ፑል ከተማ ውስጥ ልጆችን ከሕፃንነት እስከ 11 ዓመት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት ይህን አጠናከረ፤ በ11 ዓመታቸው አስም ከነበረባቸው ልጆች ከአንዱ በቀር ሁሉም በ1 ዓመታቸው ከ10 ማይክሮግራም በላይ ባለበት ቤት ነበሩ። ኋላ ጀርመን ውስጥ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2000 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው ትልቅ ክትትል ግን መጋለጥ ከአለርጂ ጋር እንጂ ከአስም ጋር እንደማይያያዝ አገኘ። ስለዚህ 2 እና 10 የመንገድ ምልክት ናቸው፤ አጥር አይደሉም። 9ኝን «ከ10 በታች ስለሆነ ደህና ነው» ብሎ ማንበብ በሁለት በኩል ስህተት ነው፦ ገደቡ ለስላሳ ነው፣ ሚዛኑም ሌላ ሊሆን ይችላል።

በግራም ወይስ በካሬ ሜትር?

ይህ እጅግ ተግባራዊ የሆነው ነጥብ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። ከአንድ ፍራሽ 1 ካሬ ሜትር ላይ 800 ሚሊግራም አቧራ ተሰበሰበ፤ ውጤቱ 12 ማይክሮግራም በግራም። ፍራሹ በደንብ ተጠርጎ የማያስገባ ልባስ ለበሰ፤ ከወር በኋላ ከልባሱ ላይ 40 ሚሊግራም ብቻ ተሰበሰበ፣ ውጤቱ 10 ማይክሮግራም በግራም። በግራም ካየነው ልባሱ ምንም አልሠራም ማለት ይቻላል፣ የቀነሰው ከ20 በመቶ በታች ነው። በካሬ ሜትር ግን ከ9.6 ማይክሮግራም ወደ 0.4 ወርዷል፤ 96 በመቶ። ሰውየው የሚተኛው አቧራው ላይ ነው፣ ግራሙ ላይ አይደለም። ጠቅላላ ክብደቱን ያልመዘገበ ላቦራቶሪ ይህን ማስላት አይችልም።

ወለሉ አፈር በሆነ ቤት ይህ ነገር ይብሳል። አንድ ግራም የወለል አቧራ ከሞላ ጎደል አፈርና አሸዋ ስለሆነ አለርጅኑ በክብደት ይሟሟል፤ በግራም ያለው ቁጥር ትንሽ ሆኖ ይወጣል፣ ሕፃኑ የሚድኸው ግን በዚያው ወለል ላይ ነው። የኢትዮጵያን የገጠር ቤት ከአውሮፓ ባለምንጣፍ ሳሎን ጋር በማይክሮግራም በግራም ብቻ ማወዳደር በእኔ ግምት ትርጉም የለውም። ፍራሽ ከፍራሽ፣ በካሬ ሜትር፣ በአንድ ወቅት ቢወዳደር ይሻላል።

ጅማ ላይ የተሠራው ሥራ የአለካኩ ጥራት ለምን እንደሚያስፈልግ ጥሩ ማሳያ ነው። ከከተማና ከገጠር 12,876 ሰዎች ከተጠየቁበት ዳሰሳ ውስጥ ደረታቸው የሚያፏጭ 205 ሰዎችና የማያፏጭ 399 ሰዎች ተመርጠው፣ የአንጀት ትላትላቸው ታየ፣ በቤታቸው ያለው ደር ፒ 1 ተለካ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2001 ላንሴት ላይ ወጣ። የመንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች የማፏጨት ዕድላቸው በግማሽ ያህል ያነሰ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ይህን ነው። ደር ፒ 1 በአምስት እርከን ሲከፈል ግን አንድ እርከን ወደ ላይ በወጡ ቁጥር የማፏጨት ዕድል በ1.26 እጥፍ ጨመረ፣ የእርግጠኝነት ክልሉ ዝቅተኛ ጠርዝ ልክ 1.00 ላይ አርፎ (1 ማለት ምንም ግንኙነት የለም ማለት ነው)። እዚህ ላይ የላቦራቶሪው ሥራ ከስታቲስቲክሱ ጋር ይገናኛል፦ የዘፈቀደ የመለካት ስህተት ሲበዛ እንዲህ ያለው ቁጥር ወደ 1 ይሳባል። የአንድ ቤት ናሙና በ3 ደቂቃ፣ የሌላው በ1 ደቂቃ ቢሰበሰብ፣ አንዱ በተኛው መስመር ጫፍ ላይ ቢነበብ፣ እውነተኛ ግንኙነት ቢኖር እንኳ ይደበዝዛል። «ግንኙነት የለም» የሚሉ አንዳንድ ጥናቶች የሚነግሩን ስለ ማይቱ ሳይሆን ስለ ፒፔቱ ሊሆን ይችላል።

«ደጋ ላይ ማይት የለም» የሚለው አባባልም ከስዊስ ተራሮች የመጣ ነው። ማይቱን የሚገድለው ከፍታው ሳይሆን ደረቁ አየር ነው፤ እርጥበት ያለበት ከፍታ ቦታ ላይ ማይት በደንብ ይኖራል፣ ከ2600 ሜትር በላይ ያለችው የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ምስክር ናት። አሜሪካን አገር ሚኒሶታን በመሰለ ቦታ ደግሞ በቅዝቃዜው ወራት ማሞቂያው አየሩን ሲያደርቀው ማይቱ ይሞታል፤ በሙቀቱ ወራት የጣለው ኩስ ግን ፍራሹ ውስጥ ለወራት ይቆያል፣ ኤላይዛውም ይቆጥረዋል። ፍራሽን አስጥቶ በፀሐይ ማድረቅ የሚባለው የቤታችን ልማድ ማይቱን ለመግደል ከብዙ ርጭት ይሻላል፤ አለርጅኑ ግን የሚወጣው ሲደበደብና ሲራገፍ ነው፣ ያንን ሥራ ደግሞ አለርጂ የሌለበት ሰው ይሥራው። አንሶላና ብርድ ልብስ በ60 ዲግሪ ሲታጠብ ማይቱም ይሞታል፣ በውኃ የሚሟሟው አለርጅንም ይሄዳል።

ቁጥሩ ወረደ ማለት ሕመሙ ወረደ ማለት አይደለም። እንግሊዝ አገር በ1122 አዋቂ የአስም ሕመምተኞች ላይ የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመው ሙከራ፣ የማያስገባ ልባስ ብቻውን የትንፋሽ ጉልበትን እንዳላሻሻለ አሳይቷል። ከዚህ በፊት «ልባስ ግዙ» ብሎ መደምደም ቀላል ነበር፤ አሁን ለአዋቂ እንዲህ ብሎ ለመምከር ድፍረት ይጠይቃል።

ሌሎች መንገዶችም አሉ። ማሪያ የተባለው አሠራር በቀለም በተለያዩ ጥቃቅን ዶቃዎች ላይ የተለያዩ አንቲቦዲዎችን ያስቀምጥና በአንድ ጉድጓድ የሁለቱን ዝርያ 1ኛ ምድብ፣ የ2ኛውን ምድብ፣ የድመት፣ የውሻ፣ የአይጥና የበረሮ አለርጅንን በአንድ ጊዜ ያነባል፤ ማሽኑ ግን ውድ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራው የወረቀት ስትሪፕ መስመር ያወጣል፣ ቁጥር ግን አይሰጥም፤ «አለ ወይስ የለም» ለሚል ጥያቄ ይበቃል። ጓኒን የሚለካው የቀለም ምርመራ ደግሞ አንቲቦዲ የለበትም፤ የሸረሪት ወገኖች በሙሉ በኩሳቸው ጓኒን ስለሚጥሉ ለይቶ አያውቅም። ደር ፒ 1 ዜሮ ሆኖ ወጣ ማለትም ቤቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። በሞቃትና እርጥብ አገር የሚበዛው ብሎሚያ ትሮፒካሊስ በዚህ አንቲቦዲ አይታይም፤ በእህል ጎተራ ያሉ ማይቶች፣ በረሮና ድመትም የራሳቸው ምርመራ አላቸው። አየርን መለካት ለማይት ብዙም አያዋጣም፤ ኩሱ ከባድ ስለሆነ አልጋ ሲነጠፍ ይነሣና በደቂቃዎች ውስጥ ይወርዳል፣ የተረጋጋ ክፍል አየር ውስጥ የሚገኘው ከመለካት ወሰን በታች ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ የጠቀስነው የውጤት ወረቀት ሙሉ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ይነበብ ነበር፦ «የአንድ ሰው የስፖንጅ ፍራሽ፣ ከላይ፣ 1 ካሬ ሜትር፣ 2 ደቂቃ፣ ነሐሴ፤ ደቃቅ አቧራ 212 ሚሊግራም፤ ዝፍዘፋ 1 ለ20፣ ከአልቡሚን ጋር፤ በ1 ለ10፣ 20፣ 40፣ 80 ተነቦ ተስማምቷል፤ የኪቱ ስታንዳርድ ስምና የምርት ቁጥር ከኋላ ተጽፏል፤ ደር ፒ 1፦ 9.0 ማይክሮግራም በግራም፣ 1.9 ማይክሮግራም በካሬ ሜትር፤ 2ኛ ምድብ ለብቻው ተለክቷል።»